ከተማ ሲያድግ ሸክሙን ማን ይሸከማል?

(በዩኒየናችን የምሥረታ በዓል ላይ በእንጦጦ በአንድ የግብርና ልማት ሠራተኛ የቀረበ ንግግር)

ክቡራን እንግዶች፣
የተከበራችሁ የመሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበራት አባላትና የሥራ አመራር ኮሚቴዎች፣
የወረዳና የከተማ አስተዳደር ተወካዮች፣
እናቶቼና አባቶቼ፣

ከግብርና ኮሌጅ በዲፕሎማ ተመርቄ በልማት ጣቢያ የማገለግል፣ በዕድሜም በልምድም ከብዙዎቻችሁ የማንስ ልጃችሁ ስሆን፣ በዚህ መድረክ እንድናገር ስለተፈቀደልኝ አመሰግናለሁ።

ስለ ማዳበሪያና ስለ ምርጥ ዘር በየቀበሌው ዘወትር ስለምንነጋገር ዛሬ አላነሳውም። ዛሬ ማንሳት የምፈልገው ምርታችንን ስለምንሸጥባቸው፣ ልጆቻችንን ስለምናስተምርባቸውና ከዓመት ወደ ዓመት ወደ ማሳችን እየቀረቡ ስለመጡት ትንንሽ ከተሞቻችን ነው። ከተማ ሲያድግ ውሃ፣ ማገዶ፣ መንገድ፣ የቆሻሻ ማስወገጃና መፀዳጃ ይፈልጋል። እነዚህ አገልግሎቶች በወቅቱ ካልቀረቡ ፍላጎቱ አይቀርም፤ ሸክሙ ወደ አንድ ሰው ጀርባ ይዞራል። ይህን ለመረዳት ደግሞ ዛሬ ከተሰባሰብንበት ከእንጦጦ የተሻለ አስተማሪ ቦታ ያለ አይመስለኝም።

እንደሚታወቀው ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1870ዎቹ መቀመጫቸውን እንጦጦ ላይ አድርገው ነበር። ቦታው ከፍ ያለና ዙሪያውን የሚያሳይ በመሆኑ ለመከላከል ይመቻል። ይሁን እንጂ ብርዱና ነፋሱ ከባድ፣ ውሃውና ማገዶውም ለብዙ ሕዝብ የማይበቃ ሆነ። በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ከፍል ውሃው አጠገብ ቤት አሠርተው ሥፍራውን አዲስ አበባ ብለው ሰየሙት። ንጉሡ በ1882 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥትነት ዘውድ የጫኑት በእንጦጦ ማርያም ቢሆንም፣ ሕዝቡ ግን ቀስ በቀስ ወደ ታች ወርዶ ነበር። እንግዲህ ይህን ከተማ ከተራራው ያወረደው ጠላት ሳይሆን የውሃ፣ የማገዶና የአየር ጉዳይ ነበር ማለት ነው።

ችግሩ ግን ከተራራው በመውረድ ብቻ አልተፈታም። አዲሱ ከተማም በጥቂት ዓመታት ውስጥ በአካባቢው የነበረውን ዛፍ ጨረሰ። በ1890ዎቹ መጀመሪያ መቀመጫውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ግንባታ እስከመጀመር የተደረሰበት አንዱ ምክንያት ይኸው የእንጨት እጥረት ነበር። አዲስ አበባን በቦታዋ ካቆዩዋት ነገሮች አንዱ በ1880ዎቹ ከውጭ የገባው ባሕር ዛፍ ነው። ቶሎ ይደርሳል፣ ሲቆረጥ ያቆጠቁጣል፣ ለቤት መሥሪያም ለማገዶም ይሆናል። ዛሬ በእንጦጦ ዙሪያ የምናየው ደን አብዛኛው የዚያ ታሪክ ውጤት ነው።

ውሃውን በተመለከተም በምኒልክ ዘመን ከእንጦጦ ምንጭ በቧንቧ የወረደው ውሃ መጀመሪያ የደረሰው ቤተ መንግሥት ነው። ከተማው በሰፊው የሚጠቀምበት የገፈርሳ ግድብ የተሠራው ከዚያ ወዲህ በ1930ዎቹ አጋማሽ ሲሆን፣ የለገዳዲ ግድብ ደግሞ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ተከተለ። በመካከሉ ባሉት ዓመታት ቧንቧ ያልደረሰው ሕዝብ ያለ ውሃ አልኖረም፤ ከምንጭና ከወንዝ በእንስራ በሰው ጀርባ ሲጓጓዝ ኖረ።

ይህ የጥንት ታሪክ ብቻ እንዳይመስለን አንድ ቀላል ስሌት ላቅርብ። አንድ ጀሪካን 20 ሊትር ይይዛል፤ ክብደቱም 20 ኪሎ ግራም ነው። አንዲት እናት በቀን ሁለት ጊዜ አንድ አንድ ጀሪካን ብትቀዳ በቀን 40 ኪሎ ግራም፣ በዓመት 14,600 ኪሎ ግራም ተሸከመች ማለት ነው። ይህ 146 ኩንታል ነው። ከመካከላችን 146 ኩንታል እህል ወደ ዩኒየናችን መጋዘን ያስገባ አባል ቢኖር ዛሬ ተሸልሞ በተጨበጨበለት ነበር። የእናቶቻችን 146 ኩንታል ግን በየትኛውም ሪፖርት ላይ አይመዘገብም።

የማገዶውም ነገር እንዲሁ ነው። ከእንጦጦ ደን እንጨትና ቅጠል ለቅመው፣ ከ30 ኪሎ ግራም በላይ የሚመዝን ሸክም በጀርባቸው አዝለው ቁልቁለቱን ወደ ሽሮ ሜዳና ወደ ሌሎች ሰፈሮች ሲወርዱ የኖሩትን ሴቶች የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው የለም። በዚያ ሸክም የተገኘው ገንዘብ ለዕለት ጉርስ እንኳ በጭንቅ የሚበቃ ነበር። ከዚያም በላይ ደኑ እንዳይነካ ከተመደቡ ጥበቃዎች ጋር መጋጨቱ፣ በየጫካው ለሴት ልጅ የሚያሰጋው አደጋ ሁሉ በእነርሱ ላይ ነበር። ከተማው ለነዋሪው ተመጣጣኝ ማገዶ ሊያቀርብ ያልቻለበትን ክፍተት የሸፈኑት እነዚህ ሴቶች ናቸው።

በሌላ በኩል ደግሞ መፍትሔውም ከዚሁ ሥፍራ ታይቷል። የቀድሞ እንጨት ተሸካሚ ሴቶች በማኅበር ተደራጅተው ወደ ሽመናና ወደ ሌሎች የእጅ ሥራዎች ገብተዋል። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደርና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በጋራ ያቋቋሙት የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል በ705 ሄክታር ላይ አገር በቀል ዛፎችን እየመለሰ ነው። መስከረም 30 ቀን 2013 ዓ.ም. የተመረቀው የእንጦጦ ፓርክም ለመዝናኛና ለሥራ ዕድል ቦታ ከፍቷል። ከዚህ የምንማረው ሊሰመርበት የሚገባ ነገር አለ። በደን የሚተዳደርን ሰው “አትግባ” ማለት ብቻውን ደኑን አያድንም። መጀመሪያ ሌላ እንጀራ ይታየው፤ ከዚያ በኋላ ጠባቂው ራሱ ይሆናል።

የተከበራችሁ አባላት፣

እኛ ገበሬዎች ስለ ከተማ ምን አገባን የሚል ጥያቄ ሊነሳ ይችላል። መልሱን እዚሁ ተራራ ላይ እናገኘዋለን። የእንጦጦ ሰንሰለት የሁለት ተፋሰሶች መለያ ነው። በደቡብ በኩል የወረደው ዝናብ በቀበናና በቀጨኔ አድርጎ ወደ አቃቂና ወደ አዋሽ ይሄዳል። በሰሜን በኩል የወረደው በሱሉልታ አልፎ በሙገር ወደ ዓባይ ይገባል። ከላይ ያለው ቁልቁለት ቅጠሉ ተጠርጎ መሬቱ ከተራቆተ፣ አፈሩ ከታች ያለውን ቦይ፣ ድልድይና ግድብ ይሞላል። የአባ ሳሙኤል የኤሌክትሪክ ማመንጫ በደለልና በጥገና እጦት ለብዙ ዓመታት ከሥራ ውጭ ሆኖ ቆይቶ የተመለሰ መሆኑን ማስታወስ ይበቃል። ከከተማው በላይ የሚያርሰው ገበሬ የሠራው እርከን ከታች ላለው ከተማ የውሃ አገልግሎት ነው። ከተማው የጣለው ቆሻሻም በበኩሉ ከበታች ላለው ገበሬ የመስኖ ውሃ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ከተማና ገጠር በአንድ ውሃ የተሳሰሩ ጎረቤቶች ናቸው።

ቆሻሻን በተመለከተ ሌላ ከባድ ትምህርት አለን። ቆሼ የተባለው የአዲስ አበባ ቆሻሻ መጣያ በ1950ዎቹ ሲጀመር በከተማው ዳርቻ ነበር። ከተማው ሲሰፋ መኖሪያ ቤቶች ከበቡት። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ወገኖቻችንን ቀጠፈ። ትንንሽ ከተሞቻችን ዛሬ “ከከተማ ውጭ ነው” ብለው ቆሻሻ የሚጥሉበት ገደል ከሃያ ዓመት በኋላ የሰው ጓሮ እንደሚሆን ከአሁኑ ማሰብ ይገባል።

ከዚህ በመነሳት በየከተሞቻችን ልናከናውናቸው ይገባል የምላቸውን አራት ነጥቦች አቀርባለሁ።

በመጀመሪያ ደረጃ ምንጮቻችንን እንጠብቅ። ምንጭ ማጎልበት ሲባል ሲሚንቶ ማፍሰስ ብቻ አይደለም። ከምንጩ በላይ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ መቆፈር፣ ዙሪያውን ማጠር፣ ከብት የሚጠጣበትን ገንዳ ከሰው መቅጃ መለየት፣ መፀዳጃ ቤት ከምንጩ ቢያንስ 30 ሜትር እንዲርቅና ከበታቹ እንዲሆን ማድረግ ያስፈልጋል። በምንጭ ራስ ላይ ባሕር ዛፍ መትከል ደግሞ ውሃውን ማሳነስ ነው። ባሕር ዛፍ የሚጠላ ዛፍ አይደለም፤ ገቢያችን ነው። ቦታውን ግን እንምረጥለት። ከምንጭና ከማሳ ይራቅ፤ በምንጮቻችን ዙሪያ አገር በቀል ዛፎችንና ሣር እንመልስ።

በሁለተኛ ደረጃ የማገዶ ፍላጎትን ከምድጃው እንቀንስ። ምርጥ የተባለው የእንጀራ ምድጃ በሦስት ጉልቻ ከመጋገር ጋር ሲነጻጸር እስከ ግማሽ የሚደርስ ማገዶ ይቆጥባል። በሲሚንቶና በአሸዋ በአካባቢው ሊሠራ ስለሚችል ሥራ ላጡ ወጣቶች ገቢ ይሆናል። ማኅበራት ማዳበሪያ በሚያከፋፍሉበት መጋዘን ይህንንም ምድጃ በብድር ቢያቀርቡ ከአቅማቸው በላይ አይደለም።

በሦስተኛ ደረጃ የገበያ ቦታዎቻችን ንጽሕና ይታሰብበት። በገበያ ቀን በሺህ የሚቆጠር ሰው የሚውልበት ቦታ መፀዳጃ ከሌለው፣ ገበያተኛው የሚጠቀምበት ሜዳ የማን ማሳ እንደሆነ እናውቀዋለን። ቦይ ሲሠራም ውሃው በመጨረሻ የት እንደሚወርድ አስቀድሞ ይጠየቅ። የጎርፍ ቦይ ማለት ጎርፍን ከአስፋልት ወደ ገበሬ ማሳ ማዛወር አይደለም።

በአራተኛ ደረጃ፣ ከሁሉ የሚበልጠው፣ የተሠራውን ማን ይጠግነዋል የሚለው ጥያቄ ነው። ቦኖ ሲመረቅ ሪባን ይቆረጣል፣ ፎቶግራፍ ይነሳል። ከዓመት በኋላ ቧንቧው ሲሰበር ግን የሚገዛለት ማጠቢያ ጎማ እንኳ ይጠፋና እናቶች ወደ ወንዝ ይመለሳሉ። በመሆኑም እያንዳንዱ የውሃ ነጥብ በተጠቃሚው የተመረጠ ኮሚቴ፣ በየወሩ የሚሰበሰብ አነስተኛ ክፍያ፣ በግልጽ የሚነበብ የሒሳብ መዝገብና የሠለጠነ ጠጋኝ ሊኖረው ይገባል። በኮሚቴው ውስጥ ሴቶች ለቁጥር ማሟያ ሳይሆን ሒሳብ ያዥና ሰብሳቢ ሆነው ይመረጡ። የቧንቧውን መሰበር መጀመሪያ የምታውቀው የምትቀዳዋ ናት።

“ይህ የመንግሥት ሥራ ነው” የሚል ሰው አይጠፋም። እውነቱን ነው፤ ግብር የምንከፍለው ለዚሁ ነው፤ ኅብረት ሥራ ማኅበርም ማዘጋጃ ቤት መሆን የለበትም። ነገር ግን ዓለም አቀፉ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ኅብረት በ1988 ዓ.ም. ካጸደቃቸው ሰባት መርሖዎች ሰባተኛው ለማኅበረሰብ ማሰብን ይመለከታል። በአገራችንም በአዋጅ ቁጥር 147/1991፣ በኋላም በተተካው በአዋጅ ቁጥር 985/2009 የተደራጀነው የአባላትን ኑሮ በጋራ ለማሻሻል ነው። በ1991 ዓ.ም. የተቋቋመው የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ዩኒየን ከፍትሐዊ ንግድ የሚገኘውን ተጨማሪ ክፍያ ለትምህርት ቤት፣ ለጤና ጣቢያና ለንጹሕ ውሃ እንዲውል በማድረግ መንገዱን አሳይቷል። እኛ የቡና ዋጋ ባይኖረን ጠቅላላ ጉባዔ፣ ሒሳብ አያያዝና በአንድ ድምፅ የመጠየቅ ልማድ አለን። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው እንዲሉ።

ለአስተዳደር ተወካዮች ደግሞ በአክብሮት የማቀርበው ጥያቄ አለኝ። ፕላን ሲወጣ ከተማው ሊሰፋበት በታሰበው አቅጣጫ ያሉትን ገበሬዎች ካርታው ከመጽደቁ በፊት አነጋግሩ። ለግንባታ በጀት ሲያዝ ለጥገና የሚሆነው አብሮ ይያዝ። በዓመቱ መጨረሻም ስንት ቦኖ ተሠራ ብቻ ሳይሆን፣ አምና ከተሠሩት ስንቱ ዛሬ ውሃ ይሰጣል የሚለው ለሕዝብ ይገለጽ። ይህ ወቀሳ አይደለም፤ ሥራችሁን የሚያስመሰግን መለኪያ ነው።

በመጨረሻም ለሥራ አመራር ኮሚቴዎች አንድ ሐሳብ አቅርቤ ንግግሬን እቋጫለሁ። እያንዳንዱ መሠረታዊ ማኅበር ወደ ቀጣዩ ጠቅላላ ጉባዔ ሲመጣ ስለሚገበያይበት ከተማ በአንድ ገጽ ላይ አራት መልሶች ይዞ ይምጣ፤ ውሃው ከየት ይመጣል፣ ማገዶው ከየት ይመጣል፣ ቆሻሻው የት ይሄዳል፣ የተሰበረውን ማን ይጠግናል? ከአራቱ ለአንዱ እንኳ “በእናቶች ጀርባ” የሚል መልስ ከተገኘ፣ የሚቀጥለው ዓመት ዕቅዳችን ከዚያ ይጀምር።

በዓሉ የሥራና የምርት ዘመን ያድርግልን።