ልጁን ከመቆጣታችሁ በፊት ቻርጀሩን እዩ
(በኔታንያ ለአዲስ ገቢ ቤተሰቦች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምነግራችሁ ራስፕቤሪ ፓይ ስለምትባል ትንሽ ኮምፒዩተር ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 እንግሊዝ አገር ለሽያጭ የቀረበችው ልጆች በርካሽ ዋጋ ኮምፒዩተር እንዲማሩ ተብሎ ነው። ከመዳፍ አትበልጥም። ልጆቻችሁ ይዘዋት ሲመጡ መጫወቻ አትምሰላችሁ፤ የቤት ሥራ የሚሠራባት እውነተኛ ኮምፒዩተር ናት።

ባለፈው ዓመት አንድ ልጅ «ኪቦርዱም ማውዙም አልሠራ አለኝ» ብሎ ወደ እኔ መጣ። ሳልመረምር «ምን ነካክተህ ነው?» ብዬ በሰው ፊት ተቆጣሁት። አባቱም አዲስ ሊገዙለት ከቤት ወጪያቸው ቀንሰው ገንዘብ ይዘው መጡ። በኋላ ስናየው ልጁ ያጠፋው ነገር አልነበረም፤ ጥፋቱ የአንድ አሮጌ የስልክ ቻርጀር ነበር። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፣ ልጁን ይቅርታ ጠየቅሁት። እናንተም እንዲህ እንዳይደርስባችሁ ቅደም ተከተሉን ልንገራችሁ።

አንደኛ፣ ኤሌክትሪኩን እዩ። አራተኛዋ ራስፕቤሪ ፓይ 5 ቮልትና 3 አምፔር የሚሰጥ ቻርጀር ትፈልጋለች። ብዙ የስልክ ቻርጀሮች ግን ከ1 ወይም ከ2 አምፔር አያልፉም። ቁጥሩ ቻርጀሩ ላይ በትንንሽ ፊደል ተጽፏል፤ ልጃችሁ ያንብብላችሁ። ኃይል ሲያንሳት በስክሪኑ ጥግ ላይ የመብረቅ ምልክት ታሳያለች። ቀጭንና ረጅም ገመድም ኃይል ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣችው አምስተኛዋ ደግሞ 5 አምፔር ትፈልጋለች። በ3 አምፔር ብትሰኳት ትነሣለች፤ ነገር ግን ለዩኤስቢ ቀዳዳዎቿ ሁሉ በድምሩ 0.6 አምፔር ብቻ ትሰጣለች።

ሁለተኛ፣ ሸክሙን አቅልሉ። በአራተኛዋ ላይ አራቱ ቀዳዳዎች በአንድነት የሚካፈሉት 1.2 አምፔር ነው፤ አንድ እንጀራ ለአራት ሰው እንደ መቁረስ ማለት ነው። ዲስክ የመሰለ ብዙ ኃይል የሚበላ ዕቃ ከተሰካ ለሌላው አይተርፍም። ሁሉንም ነቅላችሁ ኪቦርዱን ብቻ ሞክሩ።

ሦስተኛ፣ በየቀዳዳው ሞክሩ። ኪቦርዱንም ሌላ ኮምፒዩተር ላይ ሰክታችሁ አረጋግጡ። አንድ ቀዳዳ ብቻ እምቢ ካለ ቆሻሻ ገብቶበት ወይም ተሰብሮ ይሆናል፤ በሦስቱ መሥራት ይቻላል። አራቱም እምቢ ካሉ ግን ወደ ቻርጀሩ ተመለሱ፤ እሱም ደህና ከሆነ ወደሚከተለው ሂዱ።

አራተኛ፣ ሚሞሪ ካርዱን ለውጡ። ፕሮግራሙ በሙሉ ያለው በእሱ ላይ ነው። ንጹሕ ፕሮግራም በተጫነበት ሌላ ካርድ ከሠራች የተበላሸው ፕሮግራሙ እንጂ ኮምፒዩተሯ አይደለችም ማለት ነው። ካርዱን ከማውጣታችሁ በፊት ኮምፒዩተሯን ዝጉ፤ አረንጓዴዋ መብራት ብልጭታዋን ስታቆም ገመዱን ንቀሉ።

አምስተኛ፣ የከተማችንን አየር አትርሱ። ኔታንያ ያለችው እንደ ጣና ባለ ሐይቅ ዳር ሳይሆን ጨዋማ ባሕር ዳር ነው፤ እርጥበቱ ብረት ይበላል። ኮምፒዩተሯን ክፍት መስኮት ሥር አታኑሯት። ቀዳዳውን በመርፌ ወይም በቢላዋ አትጎርጉሩ። በጎኗ የተደረደሩትን ቀጫጭን የብረት እግሮች ኤሌክትሪክ እያለ ብረት አታስነኳቸው፤ በአንድ ጊዜ ትቃጠላለች።

ይህ ሁሉ ተሞክሮ ካልሠራች ደረሰኙን ይዛችሁ ወደ ገዛችሁበት ሱቅ ሂዱ። ቀዳዳዎቿ ቢሞቱም በአስተማሪ እርዳታ ያለ ገመድ፣ በብሉቱዝ ኪቦርድ ልትሠራ ስለምትችል ቶሎ አትጣሏት።

ወላጆች ሆይ፣ ልጆቻችን በአዲስ አገር፣ በአዲስ ቋንቋ እየተማሩ ናቸው። ያላጠፋ ልጅ ሲቀጣ ሁለተኛ ዕቃ ለመንካት ይፈራል፤ የሚፈራ ልጅም አይማርም። ቻርጀር በጥቂት ሸቀል ይገዛል፤ የልጅ ድፍረት ግን ከሱቅ አይገዛም።