«ቆንጆ ነው» ካሉ በኋላ

ዛሬ የማወራችሁ የገጸ ባሕርይ ሥዕል ለሚሠሩ ሰዎች ስለሚሰጥ አስተያየት ነው። የልጆች መጽሐፍ፣ ኮሚክ፣ አኒሜሽን፣ የስልክ ጨዋታ፣ ማስታወቂያ ሳይቀር ባለታሪክ ይፈልጋል። ያንን ባለታሪክ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ከባዶ ወረቀት ላይ ያወጣዋል፤ ካወጣው በኋላም ለጓደኛው ወይም ለእህቱ «እስቲ እይልኝ» ይላል። የሚያገኘው መልስ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለቱ አንዱ ነው፦ ወይ «ውይ ቆንጆ ነው!»፣ ወይ «እጁ ግን ትንሽ ጠማማ ነው»።

የመጀመሪያው ይሉኝታ ነው፤ ሠዓሊው ተደስቶ ይሄዳል፣ ሥዕሉ ግን እንደነበረ ይቀራል። ሁለተኛው እውነት ሊሆን ይችላል። ችግሩ ተናጋሪው መጀመሪያ ዓይኑ ያረፈበትን ነገር ማንሳቱና ሥዕሉን ወደኋላ የያዘውን ነገር አለመፈለጉ ነው።

ሬዲዮ ሥዕል አያሳይምና እናንተው በዓይነ ሕሊናችሁ ሣሉልኝ። አንዲት ወጣት ለልጆች መጽሐፍ አንድ ሊስትሮ ሣለች እንበል። ልጁ ሳጥኑን በማንገቻ አንድ ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ መንገድ ዳር ቆሟል። ብሩሹ፣ የቀለሙ ቆርቆሮ፣ የተጣጠፈው እጅጌ፣ ሁሉም በደንብ ተጠንቷል። ፊቱም ደስ ይላል። ሆኖም ትክ ብላችሁ ስታዩት ልጅ አይመስልም፤ ያጠረ ጎልማሳ ይመስላል። ሳጥኑም ባዶ ካርቶን እንጂ ቀለምና ብሩሽ የታጨቀበት እንጨት አይመስልም።

ለምን? አንደኛው ምክንያት በእርሳስ የሚለካ ነው። ሠዓሊዎች የሰውን ቁመት በራሱ ጭንቅላት ይለካሉ፤ ከአናት እስከ አገጭ ያለውን ርዝመት ይዘው ወደ ታች ይቆጥራሉ። አዋቂ ሰው 7 ተኩል ጭንቅላት ገደማ ይሆናል፤ ጀግና አስመስለው የሚሥሉትን 8 ያደርሱታል። የ1 ዓመት ሕፃን 4 ገደማ ነው። የ10 ዓመት ልጅ 6 ወይም ከዚያ ትንሽ አለፍ ይላል። የእኛ ሊስትሮ ሲለካ 7 ተኩል ወጣ፤ ቁመቱ ቢያጥርም አካሉ የአባቱ ነው። ሁለተኛው ምክንያት ሚዛን ነው። ከባድ ነገር በአንድ ትከሻ ያነገተ ሰው ያ ትከሻው ከፍ ይላል፣ ወገቡ ወደ ሌላው ጎን ያዘነብላል፣ ክብደቱም አንዱ እግሩ ላይ ያርፋል። ሥዕሉ ውስጥ ግን ሁለቱ ትከሻዎች እኩል ናቸው፤ ልጁ እንደ ሰልፈኛ ቀጥ ብሏል።

እንግዲህ ይህን ለልጅቱ እንዴት ትነግሯታላችሁ? «ጭንቅላቱን አሳድጊው» ብትሏት ትእዛዝ ሰጣችኋት፤ ታሳድገው ይሆናል፣ ለምን እንዳሳደገችው ግን አታውቅም። እኔ የምመርጠው ያየሁትን ብቻ መናገር ነው፦ «እኔ ሳየው የ16 ዓመት ጎረምሳ መሰለኝ። ስንት ዓመቱ ነው?» «10» ካለች ጭንቅላት መቁጠሩን ራሷ ትጀምራለች። «ልክ ነህ፣ 16 ነው» ካለች ደግሞ ነገሩ እዚያው አለቀ፤ እንኳንም ጠየቅኋት። ስለ ሳጥኑም እንዲሁ፦ «ሳጥኑ ቀለለኝ»። ከዚህ በላይ ማውራት አያስፈልግም። መስታወት ፊት ቆማ፣ መጻሕፍት የሞሉበት ቦርሳ አንግታ፣ የራሷን ትከሻ ብታይ ከእኔ የአሥር ደቂቃ ንግግር የበለጠ ትማራለች።

ጥያቄ ይቅደም የምለው ለጨዋነት ብቻ አይደለም። የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቻችንን አስቡ። ዓይኖቹ ትላልቅና ክፍት ናቸው፤ ጻድቃኑ ሁለቱም ዓይናቸው እየታየ ፊት ለፊት ይሣላሉ፣ ክፉዎቹ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በጎን፣ በአንድ ዓይን። ይህን ልማድ የማያውቅ ሰው መጥቶ «ዓይኑ ከልክ በላይ ትልቅ ነው፣ ያኛው ደግሞ አንድ ዓይን ጎድሎታል» ቢል ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። ሠዓሊው ተሳስቶ አይደለም የታረመው፤ ተመልካቹ ማን ጥሩ ማን ክፉ እንደሆነ ገና በሩቁ እንዲለይ አስቦ የሠራውን ነው ያ ሰው እንደ ጉድለት የቆጠረበት። ዛሬም ልጆች የሚወዱት የካርቱን ባለታሪክ ቁመቱ 3 ጭንቅላት ብቻ ሊሆን ይችላል። መለኪያው ያው ቢሆንም ዓላማው ሌላ ነው።

ሌላው የሚጠየቀው ሥራው የደረሰበት ደረጃ ነው። ገና በጭረት ያለ ንድፍ ላይ ስለ ቁልፍና ስለ ጫማ ማሰሪያ ማውራት ጊዜ ማባከን ነው። በተቃራኒው ቀለሙ ካለቀ፣ ጥላው ከገባ በኋላ «አቋቋሙን ቀይሪው» ማለት የሳምንት ሥራ አፍርሺ ማለት ነው። ስለ አቋቋም የሚነገረው መጀመሪያ፣ አውራ ጣት በሚያህሉ ትንንሽ ንድፎች ላይ ነው። እዚያ ላይ ጥሩ መፈተኛ አለ፦ ምስሉን ሙሉ በሙሉ ጥቁር ቀቡት። ዓይኑ፣ አፍንጫው፣ ልብሱ ሁሉ ጠፍቶ የውጭ ቅርጹ ብቻ ሲቀር ማን እንደሆነና ምን እያደረገ እንደሆነ ይታወቃል? የሊስትሮው ሳጥን ከጀርባው ተደብቆ ከሆነ ጥቁሩ ምስል የማንም ልጅ ነው። ሳጥኑ ከጎኑ ወጣ ቢል ግን ገና ከሩቅ «ሊስትሮ!» ትላላችሁ።

አስተያየት ሰጪ እስከ የት ይናገር ለሚለው፣ ፕሊኒ የተባለው ሮማዊ ጸሐፊ ስለ ግሪኩ ሠዓሊ አፔሌስ የተረከው ወግ አለ። አፔሌስ የታላቁ እስክንድር ሠዓሊ ነበር። ሥዕሉን ከአላፊ አግዳሚው ፊት አውጥቶ ከኋላው ተደብቆ የሚባለውን ያዳምጣል። አንድ ጫማ ሰፊ የነጠላ ጫማው ማሰሪያ አንድ ቀለበት እንደጎደለው ተናገረ፤ አፔሌስም አስተካከለው። በማግሥቱ ጫማ ሰፊው መታረሙን ሲያይ ኮራና እግሩንም መተቸት ጀመረ። ሠዓሊው ተቆጥቶ ከተደበቀበት ብቅ አለና ከጫማው በላይ እንዳይፈርድ ገሠጸው። ወጉ ብዙ ጊዜ የሚነገረው አፔሌስን ደግፎ ነው። እኔ ግን ለጫማ ሰፊው አዝናለሁ። ስለ ጫማው ሙያተኛ ነበር፤ ስለ እግሩ ደግሞ ዕድሜ ልኩን እግር ሲያይ የኖረ ሰው ነው። «እግሩ እንዲህ መሣል አለበት» ካለ አበዛው፤ «እግሩን ሳይ አንድ ነገር ቅር አለኝ» ብሎ ከሆነ ግን አፔሌስ ቁጣውን ውጦ ቢያዳምጠው ይሻለው ነበር።

ወደ ተቀባዩ ልምጣ፤ ከባዱ ክፍል እሱ ነው። ሥዕላችሁን እያሳያችሁ አታብራሩ። «እሱ እንዲህ የሆነው...» ማለት ስትጀምሩ ተመልካቹ ማየቱን ትቶ እናንተን ማዳመጥ ይጀምራል፤ መጽሐፉ ታትሞ ሲወጣ ደግሞ እናንተ አብራችሁ አትሄዱም። ዝም በሉና የተባለውን ጻፉ። ተመልካች እንደ ሕመምተኛ ነው፤ የት እንደሚያመው ሲናገር እመኑት፣ መድኃኒቱን ሲያዝ ግን አትቸኩሉ። ሦስት ሰዎች አንዱ «አንገቱ ረዘመ»፣ ሌላው «ትከሻው ጠበበ»፣ ሦስተኛው «አገጩ ትንሽ ነው» ቢሏችሁ ሦስት ስሕተት አለ ማለት ላይሆን ይችላል። ሦስቱም የሚጠቁሙት አንድ አካባቢ ነው፤ ምናልባት ጭንቅላቱ አንገቱ ላይ በትክክል አልተቀመጠም።

ፒክሳር በተባለው የአኒሜሽን ፊልም ኩባንያ ውስጥ ይህ አሠራር ሆኗል። ከመሥራቾቹ አንዱ ኤድ ካትሙል እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተመው መጽሐፍ እንደሚያስረዳው፣ ዳይሬክተሩ ያላለቀውን ፊልም ለባልደረቦቹ ያሳያል፤ እነሱም የታከታቸውንና ያልገባቸውን ሁሉ በግልጽ ይነግሩታል። የማዘዝ ሥልጣን ግን የላቸውም። እንዴት እንደሚታረም የሚወስነው ዳይሬክተሩ ነው። ሥልጣን ስለሌለ እነሱ በድፍረት ይናገራሉ፣ እሱም መከላከል ሳያበዛ ይሰማል።

ለሰው ከማሳየታችሁ በፊትም ራሳችሁ የምታዩበት መንገድ አለ። ሥዕሉን በመስታወት ተመልከቱት፣ በስልክ ወይም በታብሌት የምትሠሩ ከሆነ ግራና ቀኙን ገልብጡት። ዓይናችሁ የለመደው ጠማማ ነገር ወዲያው ይወጣል። ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺም ለሠዓሊዎች መስታወትን መክሯል።

አንድ ነገር ሳልረሳ፦ በሰው ሥዕል ላይ እርሳስ ከማሳረፋችሁ በፊት አስፈቅዱ። ከተፈቀደላችሁም በላዩ ስስ ወረቀት አንጥፉ፤ በታብሌት ከሆነ አዲስ ሌየር ክፈቱ። ባለቤቱ አንስቶ መጣል መቻል አለበት።

በመጨረሻ በሥራ ላይ ላላችሁ። ደንበኛ ብዙ ጊዜ የሚላችሁ «ትንሽ ሕይወት ጨምርበት» ነው። አትናደዱ፤ ቅር ያለው ነገር አለ፣ ስሙን ነው ያጣው። ሁለት ፈጣን ንድፍ አቅርቡለት፤ በአንዱ ሊስትሮው ደንበኛ አይቶ ሊሮጥ ያዘነበለ፣ በሌላው ሳጥኑ ላይ ተቀምጦ በብሩሹ እንጨቱን እየመታ የሚጠራ። የትኛውን እንደሚመርጥ ስታዩ «ሕይወት» ሲል ምን ማለቱ እንደነበር ይገባችኋል። ውል ስትጽፉም በዋጋው ውስጥ ስንት ዙር ማስተካከያ እንደሚካተት፣ ከዚያ በላይ ሲሆን ስንት እንደሚጨመር አስቀድማችሁ አስገቡ።