ስለ ባለ ደጋፊ ታንኳ ሸራና ገመድ
ለመምህራንና ለአገር ሽማግሌዎች የተነገረ



በደጋ ተወልዶ በደጋ ያደገ ሰው ስለ ባሕርና ስለ ሸራ ልናገር ብሎ ሲነሣ ምናልባት ያስገርማችሁ ይሆናል። ነገር ግን ዛሬ የምናገረው ነገር ሥሩ ሚዛን ነው፤ ሚዛንን ደግሞ አህያ የጫነ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ጭነት በአንድ ወገን ሲከብድ እንደሚያጋድል፥ ያጋደለውንም ለማቅናት በሌላው ወገን ድንጋይ እንደሚጨመር የማያውቅ የገጠር ልጅ የለም። እንግዲህ በዚህች በምናውቃት ነገር ተነሥተን ወደማናውቀው ባሕር እንሂድ።

ፓሲፊክ በሚባለው ታላቅ ውቅያኖስ ውስጥ የካሮሊንና የማርሻል ደሴቶች የሚባሉ፥ አብዛኞቹ ከባሕር ወለል እምብዛም ከፍ የማይሉ ታናናሽ ደሴቶች ተበትነው ይገኛሉ። የእነዚህ ደሴቶች ሰዎች በጥንት ዘመን ብረት አልነበራቸውም፤ እንጨት የሚጠርቡት ከታላቅ የባሕር ዛጎል በተሠራ መጥረቢያ ነበር። እንዲህ ሆነው ሳሉ ግን በብዙ መቶ ማይል ርቀት ካለ ደሴት ወደ ሌላ ደሴት በሸራ ታንኳ ይመላለሱ ነበር።

ታንኳቸው ጠባብ ናት። በጣና ሐይቅ የሚሄደው የደንገል ታንኳ ሆዱ ሰፊ ስለ ሆነ በውኃ ላይ ተረጋግቶ ይቀመጣል፤ ፍጥነት ግን የለውም። ጠባብ ታንኳ ውኃውን እንደ ቢላዋ ስለሚሰነጥቅ ፈጣን ነው፤ ነገር ግን ቶሎ ይገለበጣል። የደሴቶቹ ጠቢባን ሁለቱን ለማስታረቅ ያደረጉት እንደዚህ ነው። ከታንኳው ጎን ጥቂት ሜትር ራቅ አድርገው አንድ የተጠረበ ግንድ በውኃው ላይ አንሳፈፉ፤ ግንዱንም በአግዳሚ እንጨቶች ከታንኳው ጋራ አሰሩት። ይህን ግንድ እኔ በዚህ ንግግር ደጋፊ እለዋለሁ።

አግዳሚዎቹ የሚታሰሩት በምስማር አይደለም፤ በገመድ ነው። ገመዱም የኮኮነት ፍሬ የውጭ ልብስ በውኃ ተዘፍዝፎ፥ ተቀጥቅጦ፥ ቃጫው በጭን ላይ ተፈትሎ የሚሠራ ነው። ስለ ምን በምስማር አልሆነም የሚል ቢኖር፥ እኛስ ቀንበሩን ከሞፈሩ ጋራ የምናገናኘው ስለ ምን በምራን ነው ብዬ እጠይቀዋለሁ። ማረሻው ድንጋይ ሲመታ ምራኑ ጥቂት ይሰጣል፤ በምስማር የተቸነከረ ግን ይሰነጠቃል። ማዕበልም እንዲሁ ታንኳውን ወደ አንድ ወገን፥ ደጋፊውን ወደ ሌላው ወገን ይጐትታልና በገመድ የታሰረው እየተወዛወዘ ይኖራል።

አሁን ወደ ሸራው እንምጣ። በታንኳው መካከል ደቀል ይቆማል። ሸራው ሦስት ማዕዘን ሲሆን በሁለት ረጃጅም ዘንጎች መካከል የተዘረጋ ነው፤ ዘንጎቹ በአንድ ጫፍ ይገናኛሉ፥ በሌላው ጫፍ ይራራቃሉ፤ እንደ ተከፈተ መቀስ አድርጋችሁ አስቡት። የሚገናኙበት ጫፍ በታንኳው አፍንጫ ላይ ይቀመጣል፤ የላይኛው ዘንግ በደቀሉ ራስ ላይ በገመድ ይሰቀላል፤ የታችኛው ዘንግ ግን ነጻ ሆኖ ይወዛወዛል። በጥንት ጊዜ ሸራው ፓንዳኑስ ከሚባል ዛፍ ቅጠል እንደ ሰሌን ተታቶ ይሠራ ነበር፤ በዛሬው ጊዜ በፋብሪካ ጨርቅ ተተክቶአል።

ብዙ ሰው ነፋስ ታንኳን የሚወስደው ከኋላ እየገፋ ብቻ ይመስለዋል። እንደዚህ ቢሆን ኖሮ መርከበኛ ሁሉ ነፋሱ ወደወሰደው አገር በሄደና ተመልሶ ባልመጣም ነበር። ሸራ ጐበጥ ብሎ ሲዘረጋ ከጎን የመጣውን ነፋስ አቅጣጫውን ለውጦ ወደ ኋላ ይልከዋል፤ ነፋሱን ወደ ኋላ ስለላከም ታንኳው ወደ ፊት ይሄዳል። ከነፋሱ ኃይል አንዱ ክፍል ግን ታንኳውን ወደ ጎን ሊገፋው ይፈልጋል፤ ይህንንም ረጅሙና ጠባቡ የታንኳው አካል ይከለክላል፤ በትልም ውስጥ የገባ ማረሻ ወደ ጎን መንሸራተት እንደሚያዳግተው ማለት ነው። በዚህ ጥበብ ታንኳ ነፋሱ ወደሚመጣበት ወገን ስንኳ፥ ፊት ለፊት ሳይሆን አግድም እየሄደ፥ ሊቀርብ ይችላል።

ከታችኛው ዘንግ ላይ አንድ ገመድ ወደ ሰው እጅ ይመጣል። ይህ ገመድ የሸራው ልጓም ነው። ልጓሙ ከመጠን በላይ ቢላላ ሸራው ይርገበገባል፥ ታንኳውም ይቆማል፤ ከመጠን በላይ ቢጠብቅ ታንኳው ያጋድላል እንጂ አይፈጥንም። ልኩን ለማግኘት፥ የሸራው የፊት ጠርዝ መርገብገብ እስኪጀምር ድረስ ያላሉታል፤ ከዚያም መርገብገቡ እስኪቆም ድረስ ብቻ ይስቡታል። በዚህ ቦታ ያዝ አድርጎ፥ ነፋሱ በተለወጠ ቍጥር ደግሞ መሞከር ነው። ልጓም ያዡ ገመዱን በእንጨት ላይ አስሮ እንዲተኛ አይፈቀድለትም፤ ምክንያቱን ወዲያው እነግራችኋለሁ።

የዚህች ታንኳ ዋና ሕግ ደጋፊው ዘወትር ነፋስ በሚመጣበት ወገን እንዲሆን ነው። ነፋሱ ሸራውን ወደ አንድ ወገን ሲጥለው፥ የደጋፊው ክብደት በሌላው ወገን ሆኖ ይይዘዋል። መምህራን ይህን በሒሳብ ልታስረዱት ትችላላችሁ። ደጋፊው 60 ኪሎ ይመዝናል፥ ከታንኳውም 3 ሜትር ይርቃል እንበል፤ 60 በ3 ሲባዛ 180 ይሆናል። ነፋሱም ሸራውን በ3 ሜትር ከፍታ ላይ በ60 ኪሎ ኃይል ይገፋዋል እንበል፤ ይህም 180 ነው። ሌላውን ክብደት ትተን ስናስብ ሚዛኑ እኩል ሆነ፤ ደጋፊውም ከውኃው ሊነሣ ተቃረበ። በዚህ ጊዜ 60 ኪሎ የሚመዝን አንድ ሰው በአግዳሚው ላይ ወጥቶ ደጋፊው ላይ ቢቆም 180 ይጨመራልና ታንኳው ይድናል።

ነገር ግን የነፋሱ ፍጥነት እጥፍ ቢሆን ኃይሉ እጥፍ ብቻ አይሆንም፤ አራት እጥፍ ይሆናል። ይህን ተማሪዎች በብርቱ ሊይዙት ይገባል። 180 የነበረው 720 ሆነ ማለት ነው። አንድ ሰው ደጋፊው ላይ ቢወጣ 360፥ ሁለት ቢወጡ 540፥ ሦስት ቢወጡ 720 ይሆናል፤ ይህም ገና እኩል ሆነ እንጂ አልተረፈም። ድንገተኛ ነፋስ ደግሞ ሦስት ሰዎች እስኪሮጡ አይጠብቅም። ስለዚህ ልጓሙን መልቀቅ ብቻ ያድናል፤ ልጓም ያዡ እንዳይተኛ የተከለከለውም ስለዚህ ነው።

መምራትስ እንዴት ነው ትሉኝ ይሆናል። በስተኋላ የተቀመጠ ሰው ሰፊ መቅዘፊያ ይዞ ይመራል፤ ነገር ግን ብልኅ መርከበኛ መቅዘፊያውን ጥቂት ብቻ ነው የሚጠቀምበት። ደቀሉ በፊትና በኋላ ገመዶች የተያዘ ስለ ሆነ ወደ ኋላ ጥቂት ቢያዘነብሉት ታንኳው አፍንጫውን ወደ ነፋሱ ያዞራል፥ ወደ ፊት ቢያዘነብሉት ከነፋሱ ይሸሻል። እንዲሁም ሰዎቹ ወደ ፊት ቢጠጉ አፍንጫው ወደ ውኃው ጠልቆ ወደ ነፋሱ ይዞራል፥ ወደ ኋላ ቢሄዱ ይመለሳል።

አሁን የቀረው ታላቁ ጥያቄ፥ ነፋሱን በሌላው ጎን ለመቀበል ሲፈለግ ምን ይደረጋል የሚለው ነው። ሌላ መርከብ አፍንጫውን ወደ ነፋሱ አሳልፎ ይዞራል። ይህች ታንኳ እንዲህ ብታደርግ ደጋፊው ነፋሱ በሚሄድበት ወገን ይሆናል፤ የደቀሉም ዋናው የጎን ገመድ የታሰረው በደጋፊው በኩል ስለ ሆነ ደቀሉን የሚይዘው አይኖርም። ሸራው በደቀሉ ላይ ይለጠፋል፥ ደጋፊው በውኃ ውስጥ ይገፋል፥ ደቀሉ ይወድቃል። መርከበኞቹ ከሁሉ ይልቅ የሚፈሩት ይህን ነው።

ስለዚህ ታንኳው አይዞርም፤ ኋላው ፊት ይሆናል እንጂ። በፊትም በኋላም አንድ ዓይነት አድርገው የሠሩት ስለዚህ ነው። ልጓሙን ይለቁታል፤ ታንኳው ጎኑን ለነፋሱ ሰጥቶ ይቆማል። አንድ ሰው የሸራውን የተገናኘ ጫፍ ከአፍንጫው አንሥቶ፥ ደጋፊው በሌለበት ወገን ይዞት እየሄደ፥ ወደ ሌላው ጫፍ ያደርሰዋል። ደቀሉ ወደ አዲሱ ፊት እንዲያዘነብል ገመዶቹ ይላላሉ፥ ይሳባሉ። መሪው መቅዘፊያውን ይዞ ወደ አዲሱ ኋላ ይሻገራል። ልጓሙ ሲሳብ ታንኳው በመጣበት መንገድ በኩል ይሄዳል፤ ደጋፊው ግን አሁንም በነፋሱ ወገን ነው። የሸራውን ጫፍ የተሸከመው ሰው በነፋስ መካከል እግሩ ቢሸሽ ከነሸራው ወደ ባሕር ይሄዳልና ይህ ሥራ ለጀማሪ አይሰጥም።

እዚህ ላይ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው። በ1521 የማጄላን መርከቦች ጓም ወደ ተባለችው ደሴት ሲደርሱ፥ ከእርሱ ጋራ የነበረው ፒጋፌታ የእነዚህን ታንኳዎች ኋላና ፊት መለዋወጥ በመገረም ጽፎአል። በ1742 ደግሞ አንሰን የተባለው የእንግሊዝ የባሕር አዛዥ በቲኒያን ደሴት ከእነዚህ ታንኳዎች አንዱን ይዞ አስለካው፤ በ1748 የታተመው የጉዞው ታሪክ በብርቱ ነፋስ በሰዓት ሃያ ማይል ያህል ትሄዳለች ይላል። ያ የጦር መርከብ ራሱ እንዲህ አይፈጥንም ነበር።

ባለ ደጋፊ ታንኳ ሁሉ ግን እንደዚህ ያለ አይደለም። በሃዋይ ደጋፊው በስተግራ ተተክሎ ታንኳው እንደ ሌላ መርከብ ይዞራል፤ ስለዚህ ነፋሱ ከቀኝ ሲመጣ ደጋፊው በክብደቱ ሳይሆን በመንሳፈፉ ይደግፋል። ወደ እኛ ክፍለ ዓለም ስንመጣ በዛንዚባር አጠገብ የሚሠሩበት ንጋላዋ የሚባለው ታንኳ በሁለቱም ጎን ደጋፊ አለው፤ በማዳጋስካርም የቬዞ ዓሣ አጥማጆች በአንድ ደጋፊ ይሄዳሉ። የማዳጋስካር ሰዎች ቋንቋ በቦርኔዮ ደሴት ከሚነገር ቋንቋ ጋራ ወንድማማች ስለ ሆነ፥ ይህ ጥበብ የሕንድን ውቅያኖስ ተሻግሮ እንደ መጣ ሊቃውንት ያምናሉ።

ይህ ሁሉ ዕውቀት ለብዙ ዘመን በመጽሐፍ አልተጻፈም ነበር፤ ከአባት ወደ ልጅ በቃልና በእጅ ይተላለፍ ነበር እንጂ። የካሮሊን ደሴቶችን እስፓኛ፥ ጀርመን፥ ጃፓንና አሜሪካ በየተራ ገዙአቸው፤ የሞተር ጀልባም መጣ፤ ልጆችም ወደ ሌላ ትምህርትና ወደ ደመወዝ ሄዱ። በ1932 በሳታዋል ደሴት የተወለደው ማኡ ፒያይሉግ ከአያቱ የተማረውን የሚረከበው ወጣት እያነሰ መሄዱን ባየ ጊዜ፥ በልማዱ ለባዕድ የማይገለጠውን ጥበብ ለሃዋይ ሰዎች አስተማረ። በ1976 ሆኩሌአ የተባለችውን ሁለት አካል ያላት ታንኳ ያለ ኮምፓስ ከሃዋይ ወደ ታሂቲ፥ ከ2,000 ማይል በላይ መርቶ አደረሰ። ከገዛ ወገኖቹ የነቀፉት ነበሩ። እኔ ስፈርድ አልነቅፈውም፤ የነቃፊዎቹንም ኀዘን ግን አልንቅም፥ ለባዕድ የተሰጠ ምስጢር አይመለስምና። ማኡ በ2010 ዐረፈ። በ2021 ዩኔስኮ የካሮሊንን የባሕር ጉዞና የታንኳ ሥራ ጥበብ፥ በፍጥነት ጥበቃ ከሚያስፈልጋቸው ቅርሶች መካከል ጻፈው።

በማርሻል ደሴቶችም በ1989 የቀሩትን ታንኳዎች ለመለካትና ለመመዝገብ የተጀመረ ሥራ አለ፤ ኋላም ወጣቶች የታንኳ ሥራና የሸራ አያያዝ የሚማሩበት ትምህርት ቤት ሆነ። በዚያ መለኪያ ይዘው የመጡት ሰዎች መጀመሪያ የፈለጉት ሽማግሌዎችን ነበር፤ የታንኳው ልክ የነበረው በሽማግሌዎቹ ክንድና ስንዝር ውስጥ ነበርና።

በትምህርት ቤታችሁ አጠገብ ኩሬ ካለ ይህን ለመሞከር ብዙ ወጪ የለበትም። ረዘም ያለ ቅል ለሁለት ተሰንጥቆ ታንኳ ይሆናል፤ ሁለት ቀጫጭን የሸንበቆ አግዳሚዎች፥ ጫፋቸው ላይ ቀላል እንጨትና ታናሽ ድንጋይ፥ አንድ ቁራጭ አቡጀዲ፥ ጥቂት ክር ይበቃል። መጀመሪያ ያለ ደጋፊ፥ ቀጥሎ ደጋፊውን በነፋሱ ወገን፥ በመጨረሻ በተቃራኒው ወገን አድርጋችሁ ስደዱአት። እኔ ከተማሪዎች ጋራ ስሞክር ችኰላ ይዞኝ ደጋፊውን ከመጀመሪያው በተሳሳተው ወገን አደረግሁት፤ ታንኳይቱም በልጆቹ ፊት ተገለበጠችና ሳቁብኝ። አንዲት ልጅ ግን አልሳቀችም፤ ወደ ኩሬው ገብታ አነሣቻትና ኋላዋን ፊት አድርጋ መልሳ ሰደደቻት።

ቅሉንና ክሩን ይዤ መጥቻለሁ፤ በገበታው ላይ ነው። ከሽማግሌዎቹ ምራን የሚያስር ቢኖር አግዳሚውን እርሱ እንዲያስረው እለምናለሁ፥ የእኔ እስር ይላላልና።