ከአንዲት የጤፍ ፍሬ የሚጀመር የባዮሎጂ ክለሳ



የባዮሎጂ ክለሳ ሲባል አብዛኞቻችን የምናደርገው ተመሳሳይ ነው። መጽሐፉን ከመጀመሪያው ምዕራፍ ከፍተን ሕዋስን እናነባለን፤ ቀጥሎ ብርሃን አስተጻምሮን፣ ከዚያ ውርስን፣ በመጨረሻም ጊዜ ከተረፈ ዝግመተ ለውጥን። ትርጓሜዎቹን በቃል እንሸመድዳለን፤ አዲሱ ሲገባ የቀድሞው ይጠፋል። እኔ የማቀርበው ሌላ መንገድ ነው። የምታውቁትን አንድ ሕይወት ያለው ነገር ያዙ፤ የመጽሐፉን ጥያቄዎች ሁሉ ለእርሱ አቅርቡለት። አንዱ ሐሳብ የሌላው ምክንያት ሆኖ ሲመጣ መሸምደድ አያስፈልግም። ለዛሬ የመረጥሁት ጤፍን ነው።

የጤፍ ፍሬ ርዝመቷ አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ አንድ ግራም ለመሙላት ከ2,000 በላይ ፍሬ ይፈጃል። በዚያች ፍሬ ውስጥ ግን ጽንስ አለ፤ ጽንሱን የሚመግብ ስታርችም አለ። እርጥበት ሲያገኛት ኢንዛይሞች ይነቃሉ፤ ስታርቹ ወደ ስኳር ይፈርሳል፤ በሕዋሳቱ ውስጥ ያሉት ሚቶኮንድሪያዎች ስኳሩን በኦክሲጅን አቃጥለው ኤቲፒ የተባለውን የጉልበት ምንጭ ይሠራሉ። በዚህ ጉልበት ሕዋሳት ይከፋፈላሉ፤ ሥር ወደ ታች፣ ቡቃያ ወደ ላይ ይወጣል። ጀርመናዊው ሐኪም ቪርኾ እ.ኤ.አ. በ1855 ሕዋስ ሁሉ ከሕዋስ ይወጣል ብሎ ያጸናው ሐሳብ እዚህ በዓይን ይታያል።

እዚህ ላይ ጥቂት እንቆይ፤ ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው እዚህ ነውና። «ተክል ብርሃን አስተጻምሮ ያካሂዳል፣ እንስሳ ይተነፍሳል» የሚለው አነጋገር ስሕተት ነው። ከአፈር ውስጥ ያልወጣችው ቡቃያ አንድም አረንጓዴ ቅጠል የላትም፤ የምትኖረው እናቷ ያከማቸችላትን ስታርች እያቃጠለች ነው። ካደገች በኋላም ቀንም ሌሊትም ትተነፍሳለች። ብርሃን አስተጻምሮ ምግብ ይሠራል፤ ሕዋሳዊ አተነፋፈስ የምግቡን ጉልበት ያወጣል። ተክል ሁለቱንም ይሻል።

ቅጠሉ ሲወጣ ጤፍ ከስንዴና ከገብስ የሚለይበት ነገር ይገለጣል። ሩቢስኮ የሚባለው ኢንዛይም ካርቦን ዳይኦክሳይድን ተቀብሎ ወደ ስኳር መሥሪያው መንገድ ያስገባል። ችግሩ ኦክሲጅንንም ሊይዝ መቻሉ ነው። ሙቀት ሲበረታ፣ ቅጠሉም ውሃ እንዳይባክንበት ቀዳዳዎቹን ሲዘጋ፣ በውስጡ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያንሳል፣ ኦክሲጅን ይበዛል። ያን ጊዜ ሩቢስኮ ኦክሲጅኑን ይይዝና የተክሉ ድካም በከንቱ ይቀራል። ስንዴና ገብስ በዚህ ይጎዳሉ። ጤፍ፣ ማሽላና በቆሎ ግን ሥራውን ለሁለት ዓይነት ሕዋሳት አከፋፍለዋል። የመጀመሪያዎቹ ኦክሲጅንን በማይነካ ሌላ ኢንዛይም ካርቦኑን ይይዙና አራት የካርቦን አቶም ያለው አሲድ ያደርጉታል። አሲዱ የቅጠሉን ጅማቶች ከብበው ወደተደረደሩት ሕዋሳት ይሻገራል፤ በዚያ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይለቀቅና በሩቢስኮ ዙሪያ ይከማቻል። ኦክሲጅን የሚሻማበት ዕድል እጅግ ይጠብባል። የቅጠሉን አወቃቀር ሳታውቁ ይህን ኬሚስትሪ መረዳት አትችሉም፤ ኬሚስትሪውን ሳታውቁም ሕዋሳቱ ለምን እንዲያ እንደተደረደሩ አይገባችሁም። በመጽሐፍ ሁለት ምዕራፍ የሆነው በቅጠሉ አንድ ነው።

አሁን ወደ አበባው እንምጣ። ጤፍ ራሱን በራሱ የሚያዳቅል ተክል ነው። ሜንዴል እ.ኤ.አ. በ1866 ያሳተመውን የአተር ጥናት አስታውሱ፤ አተርም ራሱን ያዳቅላል። ስለዚህ ሜንዴል ሁለት ዘሮችን ለማዳቀል አበባውን ከፍቶ የወንዴውን አካል ይቆርጥና የሌላውን የአበባ ዱቄት ይጨምርበት ነበር። የጤፍ አበባ ግን በጣም ጥቃቅን ስለሆነ ይህን ማድረግ ለረጅም ጊዜ አልተቻለም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ ኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት ታረቀ በርሄ አበባው የሚከፈተው በማለዳ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት አካባቢ፣ ለአጭር ጊዜ ብቻ መሆኑን ደረሰበት። የጤፍ ማዳቀል በር የተከፈተው በዚህ ነው፤ ትዕግሥት ያለው አስተዋይ ዓይን በሳይንስ ውስጥ ምን ያህል እንደሚሠራ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

የዚያ ሥራ ፍሬ ከሆኑት አንዱን ገበሬው በስሙ ያውቀዋል፤ ቁንጮ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2006 ከደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል የወጣ ዝርያ ሲሆን፣ አንዱ ወላጁ በምርታማነቱ፣ ሌላው ወላጁ ማኛ በንጣቱ የታወቁ ናቸው። ጤፍ 40 ክሮሞዞም አለው፤ የወንዴው ዘርና እንቁላሉ እያንዳንዳቸው 20 ይዘው ይገናኛሉ። ሜዮሲስ ቁጥሩን በግማሽ የሚቀንሰው ለምን እንደሆነ አሁን ግልጽ ነው፤ ባይቀንሰው ኖሮ በየትውልዱ እጥፍ ይሆን ነበር። የመጀመሪያው ዲቃላ ከሁለቱም ወላጅ የወረሳቸው የማይመሳሰሉ የጂን ጥንዶች አሉት። ራሱን በራሱ ሲያዳቅል የእነዚህ ጥንዶች ድርሻ በየትውልዱ በግማሽ ይቀንሳል። ከሰባት ትውልድ በኋላ ሳይመሳሰል የሚቀረው በአማካይ ከ128 ጥንድ አንዱ ነው። አንድ ዝርያ ለገበሬ ከመድረሱ በፊት ብዙ ዓመት የሚፈጀው በከፊል ለዚህ ነው። ምርታማነት ደግሞ እንደ ሜንዴል አተር ቀለም በአንድ ጂን የሚወሰን አይደለም፤ ብዙ ጂኖች፣ አፈርና ዝናብ አብረው ይሠሩታል።

ዝግመተ ለውጥ ዓመቱ ሲያልቅ በጥድፊያ የሚነካ ምዕራፍ መሆኑ ያሳዝነኛል፤ የቀሩት ምዕራፎች ሁሉ የቆሙት በእርሱ ላይ ነውና። የዱር ሣር ፍሬው ሲበስል ይረግፋል፤ መርገፉ ለመስፋፋት ይጠቅመዋል። የጥንት ገበሬ የሚሰበስበው ግን ሳይረግፍ የቆየውን ነው፤ ለከርሞ የሚዘራውም ከሰበሰበው ነው። እያንዳንዱ አዝመራ በዚህ መልክ ምርጫ ሆነ። «ተክሉ መርገፍ ስላላስፈለገው ተወው» ብላችሁ አትጻፉ። ልዩነቱ በሚውቴሽን ቀድሞ ነበረ፤ ሰው መረጠው፤ የተለወጠውም ግለሰቡ ተክል ሳይሆን በትውልዶች ውስጥ ያለፈው ሕዝበ ተክል ነው። ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1859 ያሳተመውን መጽሐፍ በቤት እንስሳትና በእርሻ ተክሎች የጀመረው ያለ ምክንያት አይደለም። ሩሲያዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ቫቪሎቭም እ.ኤ.አ. በ1927 ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ይህን የሰብል ልዩነት ፍለጋ ነበር።

የጤፉ ፍሬ ተፈጭቶ ሊጥ ሲሆን ሕይወት አይቆምም። በእርሾው ያሉ ጥቃቅን ፍጥረታት ኦክሲጅን በሌለበት ስኳሩን ያብላላሉ፤ ከአንድ ግሉኮስ የሚያገኙት ሁለት ኤቲፒ ብቻ ነው፤ እኛ በኦክሲጅን 30 ያህል እናገኛለን። የሚወጣው ጋዝ የእንጀራውን ዓይን ይሠራል፤ አሲዱ ኮምጣጣ ያደርገዋል። ስንበላው ካርቦኑ በትንፋሻችን ወደ አየር ይመለሳል፤ ሌላ ቅጠልም ይወስደዋል። ጉልበቱ ግን ሙቀት ሆኖ ይበተናል፤ አይመለስም። ቁስ አካል በሥርዓተ ምኅዳር ውስጥ ይዞራል፣ ጉልበት ግን በአንድ አቅጣጫ ያልፋል የሚለው ሐሳብ ይኸው ነው።

ተማሪዎች፣ አንድ ጥያቄ ልስጣችሁ። ገበሬ በጤፍ ማሳው ላይ ናይትሮጅን ያለበት ማዳበሪያ ጨመረ። ተክሉ ለመለመ፣ ረዘመ፤ ፍሬው ሲከብድ ቀጭኑ አገዳ አልችል ብሎ ሰብሉ ጋሸበ፤ ምርቱም ቀነሰ። ናይትሮጅኑ በሕዋሱ ውስጥ ምን ሆነ? የተኛው ቅጠል ብርሃን ሲያጣ የስኳሩ ሥራ ምን ደረሰበት? አገዳው አጭር የሆነ ዝርያ ለማውጣት ምን ዓይነት ወላጆች ትመርጣላችሁ? ጭዱ ለከብት መኖ፣ ለቤት ምርጊትም ስለሚፈለግ፣ የቀደሙት ገበሬዎች አጭሩን መርጠው ያላስቀሩት ለዚህ ይሆን? መልሱን በአንድ ገጽ ላይ በቀስት እያያያዛችሁ ሣሉት፤ መጀመሪያ በምታስቡበት ቋንቋ ለጓደኛችሁ አስረዱ፣ ከዚያ በፈተናው ቋንቋ ጻፉት። መምህራንም ስታርሙ ቀስቶቹን ተመልከቱ፤ የትኛው ቀስት እንደጎደለ ስታዩ ነገ ከየት ማስተማር እንደምትጀምሩ ታውቃላችሁ።