ስለ ሽብርተኝነትና ስለ ዜጋው መብት፦ ለየጥኖራ ሕዝብ የተደረገ ንግግር



ስለ ማዳበሪያና ስለ መሬት ይዞታ የፓርቲያችንን አቋም ሌሎች ባልደረቦቼ ያስረዷችኋል። ለእኔ የተሰጠኝ ርእስ ሽብርተኝነት ነው። «ይህማ የአዲስ አበባ ሰዎች ጉዳይ ነው» የሚል ከመካከላችሁ አይጠፋም። አይደለም። አሸባሪ ማን ነው የሚለው ጥያቄ በዚህ አገር ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው በገበሬው ደጃፍ ላይ ነው።

በመጀመሪያ አንድ ነገር ግልጽ እናድርግ። ሽብር አለ፤ ገዢው ፓርቲ የፈጠረው ተረት አይደለም። በሰኔ 1987 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የግብፁን ፕሬዚዳንት ሙባረክን ለመግደል ተሞክሯል። በሚያዝያ 2007 ዓ.ም. እንጀራ ፍለጋ የወጡ ወገኖቻችን በሊቢያ በረሃ በሃይማኖታቸው ምክንያት ሲታረዱ መላው አገር አልቅሷል። በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. በመተከል፣ ቡለን ወረዳ፣ በኩጂ ከ100 በላይ ሰዎች በአንድ ቀን ተገደሉ። በሰኔ 2014 ዓ.ም. በወለጋ ጊምቢ ወረዳ ቶሌ ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ ንጹሐን፣ ሕፃናት ሳይቀሩ፣ አለቁ። ከዚህ እልቂት የተረፈ ዘመድ ያላችሁ በዚህ ስብሰባ ላይ ትኖራላችሁ። ስለዚህ ፓርቲያችን «የፀረ ሽብር ሕግ አያስፈልግም» አይልም። ያስፈልጋል። ጥያቄያችን ስሙን የሚሰጠው ማን ነው፣ በምንስ ማስረጃ ነው የሚል ነው።

አባቶቻችሁ ይህን ነገር ከማንም ቀድመው አይተውታል። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ የሞጣ፣ የቢቸናና የዳሞት ገበሬ «መሬቴ ተለክቶ ርስቴ ሊነጠቅ ነው» ብሎ ሠጋ፤ አቤት አለ፤ ሰሚ ሲያጣ እምቢ አለ። ያን ጊዜ «አሸባሪ» የሚለው ቃል ገና አልተለመደም፤ ለእምቢተኛ የነበረው ስም «ሽፍታ» ነበር። በደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ የገዢነት ዘመን ጦር ዘመተ፤ አውሮፕላን በገበሬው መንደር ላይ ቦምብ ጣለ። ነገሩን ያበረደው ግን ቦምቡ አልነበረም። ንጉሠ ነገሥቱ ገዢውን አነሡ፤ ለዓመታት የተጠራቀመውን ውዝፍ ግብር ማሩ። ከደሙ በፊት ሊሰጥ ይችል የነበረው መልስ ከደሙ በኋላ ተሰጠ።

ደርግ ደግሞ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ያደረገውን ራሱ «ቀይ ሽብር» ብሎ ሰየመው። ሽብርን መፈክር አድርጎ በአደባባይ ያወጀብን መንግሥት ነው፤ ይህ መረሳት የለበትም። በከተማ ውስጥ ሹማምንትና ካድሬዎች ይገደሉ እንደነበር እውነት ነው። መልሱ ግን ገዳዩን ፈልጎ ለፍርድ ማቅረብ አልሆነም፤ ቀበሌን ማሠሪያና መግደያ ማድረግ ሆነ።

ኢሕአዴግ በ2001 ዓ.ም. የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652ን አወጣ። አዋጁ ምን ይል እንደነበር ላስታውሳችሁ። ፖሊስ የሚጠይቀው እያንዳንዱ የጊዜ ቀጠሮ ከ28 ቀን እንዳያንስ፣ ድምሩም ከአራት ወር እንዳይበልጥ ይላል። ልብ በሉ፤ «ቢበዛ 28 ቀን» አላለም፤ «ቢያንስ» ነው ያለው። የደኅንነት መሥሪያ ቤት ሪፖርት ምንጩና የተገኘበት መንገድ ባይገለጽም ማስረጃ ይሆናል አለ። በአገራችን ሰው ሰውን ሲከስ ምስክሩን ይጠራል፤ የተከሰሰው ዋስ ጠርቶ ከቤቱ ያድራል። ይህ ሕግ ምስክሩን ሰወረ፣ ዋሱንም ከለከለ። በዚህ ሕግ ጋዜጠኛ እስክንድር ነጋ 18 ዓመት፣ የአንድነት ፓርቲው አንዱዓለም አራጌ ዕድሜ ልክ ተፈረደባቸው። ጋዜጠኛ ርዕዮት ዓለሙ 14 ዓመት ከተፈረደባት በኋላ በይግባኝ ወደ አምስት ዝቅ ተደረገላት።

ያን ጊዜ የመንግሥት ሰዎች «ሕጉን የቀዳነው ከሠለጠኑት አገሮች ነው» ይሉ ነበር። እስቲ እንግሊዝን እንመልከት። በሰኔ 30 ቀን 1997 ዓ.ም. በለንደን ባቡሮችና አውቶቡስ ላይ በፈነዱ ቦምቦች 52 ሰዎች ተገደሉ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቶኒ ብሌር ተጠርጣሪ ሳይከሰስ እስከ 90 ቀን ይታሠር ብለው ጠየቁ። የራሳቸው ፓርቲ አባላት ሳይቀሩ ተቃወሟቸውና ምክር ቤቱ እምቢ አለ፤ ጣሪያው 28 ቀን ሆነ፤ በኋላም ወደ 14 ወረደ። እነሱ ጣሪያ ያደረጉትን የእኛ መንግሥት መነሻ አደረገው። እኛ ከእንግሊዝ ብንቀዳ ደስ የሚለን ያንን እምቢ ያለውን ምክር ቤት ነበር።

በሰኔ 2010 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ በምክር ቤት ቀርበው እስረኛን ማሠቃየትና ጨለማ ቤት መክተት ሽብር መሆኑን፣ ይህንንም የፈጸመው መንግሥት ራሱ መሆኑን አምነዋል። በ2012 ዓ.ም. አሮጌው አዋጅ ተሽሮ አዋጅ ቁጥር 1176 ወጣ። የሕግ መብትን መጠቀም፣ ሰልፍና የሥራ ማቆም አድማ ሽብር እንዳይባሉ መደረጉ መልካም ነው፤ መልካሙን መልካም እንላለን። ድርጅትን በአሸባሪነት የመሰየሙን ሥልጣን ግን አሁንም ለተወካዮች ምክር ቤት ተወው። ምክር ቤቱም በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. ሕወሓትን አሸባሪ አለ፤ በመጋቢት 2015 ዓ.ም. ስሙን አነሣለት። ሲሰየምም ሲነሣም ፍርድ ቤት ማስረጃ አልመዘነም።

ከዚያ ወደ እኛ መጣ። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. በክልላችን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ አሥር ወር ቆየ። በጥር 2016 ዓ.ም. በመራዊ ከተማ ቢያንስ 45 ሲቪሎች በመንግሥት የጸጥታ ኃይሎች መገደላቸውን የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን አረጋግጧል። ኮሚሽኑን ያቋቋመው መንግሥት ነው፤ ስለዚህ የተቃዋሚ ወሬ ነው ሊባል አይችልም።

ይሁን እንጂ ጣታችንን ወደ አንድ ወገን ብቻ ብንቀስር ታማኝ አንሆንም። መንገድ ላይ ሰው አግቶ ብር የሚጠይቅ፣ መምህር አስፈራርቶ ትምህርት ቤት የሚያዘጋ፣ በምንም ስም ይጠራ፣ የሕዝብ ጠላት ነው። በመተከል የፈሰሰውን የወገናችንን ደም እዚህ አብሮን በሚኖር የሌላ ብሔር ተወላጅ ላይ ልንወጣ የሚያስብም ካለ ያው ሥራ ነው የሚሠራው።

አባቶቻችን ክፉ ሥራ ሲፈጸም አውጫጭኝ ይቀመጡ ነበር። አገሩ ሁሉ ሜዳ ወጥቶ ያየውን የሰማውን በመሐላ ያወጣል። ጉድለት ነበረበት፤ ንጹሑ ሥራ ፈትቶ ይውላል፣ ጥፋተኛው ካልተገኘ ዕዳው ለሁሉ ይተርፋል። ግን ክፉ አድራጊውን የሚያውቀው ጎረቤት መሆኑን ያውቁ ነበር። ዛሬ ጎረቤት ለምን ዝም አለ? ቢናገር ስሙ በማታ ታጣቂው ዘንድ ይደርሳል፤ ዝም ቢል መንግሥት ተባባሪ ይለዋል። ተናግሮ ያሳሠረውም ሰው ጥፋተኛ ይሁን ንጹሕ ፍርዱን ሳያይ ይቀራል። በዚህ ዓይነት መቶ ኬላ ቢተከል የመጣውን እንግዳ የሚጠቁም አይገኝም።

ስለዚህ ብትመርጡን የምናደርገው ይህ ነው። ድርጅት አሸባሪ የሚባለው ዐቃቤ ሕግ ማስረጃ አቅርቦ፣ ተከሳሹም መልስ ሰጥቶ፣ በፍርድ ቤት ውሳኔ ብቻ እንዲሆን ሕጉን እናሻሽላለን። የተያዘ ሰው ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 እንዳዘዘው በ48 ሰዓት ውስጥ ዳኛ ፊት ይቀርባል፤ የታሠረበት ቦታም በዚያው ቀን ለቤተሰቡ ይነገራል። ምንጩ የማይታወቅ ሪፖርት ለምርመራ ይጠቅም ይሆናል፤ ሰው ግን አይፈረድበትም። ጠቋሚና ምስክር የሆነ ዜጋ ጥበቃ ያገኛል። ያለ ጥፋቱ ታሥሮ የእርሻ ወቅት ያለፈበት ገበሬ ካሳ ይከፈለዋል፤ ገንዘቡ የሚመደበውም በፌዴራል በጀት ነው እንጂ ከወረዳው ኪስ አይወጣም። ሲቪል የገደለ ወታደርም ሆነ ያዘዘው መኮንን በግልጽ ችሎት ይዳኛል።

ጥይት ይቅር አንልም፤ ሕዝብን ሊፈጅ የመጣን መከላከያና ፖሊስ ይመክቱታል። የግብር አቤቱታን፣ የማዳበሪያ ጥያቄን፣ የወሰን ክርክርን ግን በዚያው መሣሪያ አንመልስም።

ንግግሬን በዚሁ አበቃለሁ። አሁን መድረኩ የእናንተ ነው፤ አባቶች ቅድሚያ ይውሰዱ፣ ከኋላ የተቀመጣችሁ እናቶችም ወደ ፊት ቅረቡና የሚከብዳችሁን ጠይቁን።