የቁጠባ ደጃፍና የብድር ደጃፍ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)




የባንክ አገልግሎትን ለሰፊው ሕዝብ የማዳረስ ጉዳይ በየመድረኩ በተነሣ ቁጥር፣ አብዛኛውን ጊዜ በማስረጃነት የሚቀርበው የቅርንጫፎች ብዛትና የሒሳብ ደብተሮች ቁጥር ነው። ቁጥሩ እያደገ መምጣቱ የሚያስደስት እንጂ የሚነቀፍ አይደለም። ይሁን እንጂ ባንክ ሁለት ደጃፎች ያሉት ቤት መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። በአንደኛው ደጃፍ የሕዝብ ገንዘብ በቁጠባ መልክ ይገባል፤ በሁለተኛው ደግሞ በብድር መልክ ተመልሶ ይወጣል። የመጀመሪያው ደጃፍ ለድኻውም ለባለጸጋውም ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ ሁለተኛው ግን ቤትና ሕንፃ ላለው ብቻ የሚከፈት ከሆነ፣ አገልግሎቱ ለሰፊው ሕዝብ ተዳርሷል ለማለት አይቻልም። የዚህ ንግግር ጭብጥም ይኸው ነው።

ነገሩን ግልጽ ለማድረግ ያህል፣ በደብረ ብርሃን ገበያ ቅቤ የሚነግዱ አንዲት እናት በዓይነ ኅሊና ይታዩ። እኒህ እናት የቁጠባ ደብተር ካወጡ ዓመታት አልፈዋል። ከገበያ በተመለሱ ቁጥር ጥቂትም ብትሆን ገንዘብ ያስገባሉ፤ በቅርንጫፉም በስማቸው ይታወቃሉ። በዐቢይ ጾም ቅቤ ሲረክስ ገዝተው፣ አንጥረው አስቀምጠው፣ ለፋሲካ ዋጋው ሲወጣ ቢሸጡ እንደሚያተርፉ ከማንም የበለጠ የሚያውቁት እርሳቸው ናቸው። ለዚህ የሚያስፈልጋቸው የሁለት ወር ብድር ነው። ወደ ባንኩ ገብተው ሲጠይቁ ግን የሚቀርብላቸው ጥያቄ አንድ ነው፤ «የቤት ካርታ አለዎት ወይ?» የሚኖሩት በኪራይ ቤት ነውና መልሱ «የለኝም» ይሆናል። በዚህም ውይይቱ ያበቃል።

እኒህ እናት ከባንኩ ወጥተው የሚሄዱት ወደ እቁባቸው ነው። እቁብ ባለ ዕጣውን የቤት ካርታ አይጠይቀውም፤ ዋስ ይጠይቀዋል። ዳኛውና ጸሐፊው የሰውየውን ጠባይ፣ የንግዱን ሁኔታና ጣሉን በወቅቱ መክፈሉን ያውቃሉ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደሚባለው፣ ማኅበርተኛው ሸክሙን ተከፋፍሎ ይይዘዋል። ነገር ግን የእቁብ ዕጣ በጾሙ መግቢያ ሊወጣም ላይወጣም ይችላል። ዕጣው ካልወጣ የሚቀረው መንገድ አራጣ አበዳሪው ነው፤ ትርፉም ለእርሱ ይሆናል ማለት ነው።

ይህ ሁኔታ እንዴት ሊፈጠር እንደቻለ ለመረዳት የባንክ ሥራ ባገሪቱ የተጓዘበትን መንገድ በአጭሩ መመልከት ይጠቅማል። በ1898 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ሥራውን የጀመረው የአቢሲኒያ ባንክ በግብፅ ብሔራዊ ባንክ ሥር የተቋቋመ ሲሆን፣ ቅርንጫፎቹን የከፈተው እንደ ሐረር፣ ድሬዳዋና ጎሬ ባሉ የንግድ ከተሞች ነበር። በ1923 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ባንክ ተተካ። ከጠላት ወረራ በኋላ የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ በ1935 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ በ1956 ዓ.ም. ደግሞ ሥራው ለሁለት ተከፍሎ ብሔራዊ ባንክና ንግድ ባንክ እየራሳቸው ቆሙ። በእነዚህ ዘመናት ሁሉ የባንኩ ዐይነተኛ ደንበኛ የቡናና የገቢ ዕቃ ነጋዴው፣ እንዲሁም መንግሥቱ ራሱ ነበር። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. ባንኮች በሙሉ በመንግሥት እጅ ሲገቡ፣ በብድር ረገድ ቅድሚያ የተሰጠው ለመንግሥት ድርጅቶችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት ሆነ። የግል ነጋዴው በተለይም አነስተኛው ከወረፋው ኋላ ቆመ።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 84 የባንክን ሥራ ለኢትዮጵያውያን ባለሀብቶች ፈቀደ፤ አዋሽ፣ ዳሸን፣ አቢሲኒያ፣ ወጋገንና ሌሎችም ተከታትለው ተከፈቱ። የግል ባንኮቹ መምጣት ውድድርን ፈጠረ፤ ወረፋንም አሳጠረ። የውድድሩ ዋና ሜዳ ግን ተቀማጭ ገንዘብ መሰብሰብ ሆነ። ለድኻው የተለየ መንገድ የተከፈተው በ1988 ዓ.ም. በወጣው የአነስተኛ ብድርና ቁጠባ ተቋማት አዋጅ ነው። የገበሬው ቡድን እርስ በርሱ ዋስ እየሆነ ያለ ንብረት መያዣ እንዲበደር ተደረገ። ይህም የእቁብንና የእድርን ጥበብ በሕግ ማዕቀፍ ውስጥ ያስገባ ትልቅ እርምጃ ነበር። ነገር ግን ብድሩ በመጀመሪያ ከ5,000 ብር እንዳይበልጥ ተወስኖ ስለ ነበር፣ ከችግር የሚያወጣውን ያህል ሥራ የሚያስፋፋ ሊሆን አልቻለም። ያደገው ተበዳሪ ለአነስተኛው ተቋም የሚበዛ፣ ለባንኩ ደግሞ የሚያንስ ሆኖ በመካከል ቀረ።

ከዚያ በኋላ በመንግሥት በኩል የተወሰዱት እርምጃዎች ብዙ ናቸው። ከወለድ ነጻ የባንክ አገልግሎት በመመሪያ ተፈቀደ፤ ወለድን ሃይማኖቱ ለሚከለክለው ሕዝብ በር ተከፈተለት። በ2005 ዓ.ም. በወኪልና በተንቀሳቃሽ ስልክ የሚሰጥ አገልግሎት ሥርዐት ወጣለት። በ2009 ዓ.ም. ያገሪቱ የመጀመሪያው የፋይናንስ አካታችነት ስትራቴጂ ይፋ ሆነ። በግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌብር ሥራ ጀመረ። የዓለም ባንክ በሚያስጠናው ጥናት መሠረት፣ የሒሳብ ባለቤት የሆነው ለዐቅመ አዳም የደረሰ ሰው ብዛት በ2014 እ.ኤ.አ. ከመቶ 22፣ በ2017 እ.ኤ.አ. ከመቶ 35፣ በ2022 እ.ኤ.አ. ከመቶ 46 ደርሷል። ይህ ቀላል ውጤት አይደለም። ሆኖም በ2022 እ.ኤ.አ. ከወንዶች ከመቶ 55 ሒሳብ ሲኖራቸው፣ ከሴቶች ግን ከመቶ 39 ብቻ መሆናቸው ከአጠቃላዩ ቁጥር ጋር አብሮ ሊነበብ ይገባል።

ገንዘቡ በየት በኩል ወጣ የሚለው ጥያቄ ደግሞ ከዚህ ይቀጥላል። ከ2003 እስከ 2012 ዓ.ም. የግል ባንኮች ከሚሰጡት አዲስ ብድር ከመቶ 27 የሚሆነውን ያህል የብሔራዊ ባንክ ሰነድ እንዲገዙ ይገደዱ ነበር። ገንዘቡ በልማት ባንክ በኩል ለረጅም ጊዜ ፕሮጀክቶች እንዲውል የታሰበ ነው። የዓላማው ተገቢነት ሊያከራክር ይችላል፤ ውጤቱ ግን ግልጽ ነው። ለማበደር የቀረው ገንዘብ ሲጠብ፣ አበዳሪው የሚመርጠው ትልቅ ብድርንና ጠንካራ መያዣን ነው። አንድ ትልቅ ብድር ለመመርመር የሚፈጀው ጊዜ ከአንድ ትንሽ ብድር እጅግም አይበልጥምና፣ ትንሹ ተበዳሪ በሒሳብ ስሌት ተሸንፎ ይወጣል።

እንግዲህ የችግሩ ቋጠሮ ያለው በመያዣው ላይ ነው። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ እንጂ የማይሸጥ በመሆኑ፣ ገበሬው ዋናውን ሀብቱን ለባንክ ሊያስይዝ አልቻለም። የከተማው ድኻም በኪራይ ቤት ይኖራል። ይህን ቋጠሮ ለመፍታት በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1147 የሚንቀሳቀስ ንብረት ለብድር መያዣ እንዲሆን ፈቀደ። በአዋጁ መሠረት በሬና ላም፣ እህል፣ የሥራ መሣሪያ፣ በመጋዘን ያለ ሸቀጥና ወደፊት የሚሰበሰብ ዕዳ ሁሉ በመያዣነት ሊመዘገብ ይችላል። መዝገቡ በብሔራዊ ባንክ ተቋቁሟል፤ ቀድሞ ያስመዘገበ አበዳሪም የቅድሚያ መብት አለው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ደግሞ ባለይዞታው የመጠቀም መብቱን አስይዞ እንዲበደር መንገድ ከፍቷል። ሕጉ እንግዲህ ከአሠራሩ ቀድሞ ሄዷል ማለት ነው።

በዚህ ላይ ከባንክ ሰዎች የሚቀርበው ተቃውሞ የሚናቅ አይደለም። የሚበደረው ገንዘብ የባንኩ ሳይሆን የአስቀማጩ ነው፤ ያች የቅቤ ነጋዴ ያስቀመጠችው ገንዘብ ጭምር በግድየለሽነት ሊበተን አይገባውም። ቤት ከቆመበት አይሄድም፤ በሬ ግን ይሞታል፣ ይሸጣል፣ ይሰረቃል። በአንድ ወረዳ ድርቅ ሲገባ የተበዳሪው ሁሉ መያዣ በአንድ ወቅት ያልቃል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን ለዚህ መፍትሔው መያዣውን አለመቀበል ሳይሆን ዋጋውን ዝቅ አድርጎ መገመት፣ የከብት መድን እንዲገባ ማድረግ፣ የመክፈያውን ጊዜ ከመኸሩና ከገበያው ወቅት ጋር ማስማማት ነው። ከሁሉም በላይ ግን አንድ የብድር ሠራተኛ የገበያውን ጠባይ የሚያውቅ ሊሆን ይገባዋል። የእቁብ ዳኛ የሚያውቀውን ነገር የባንክ ሠራተኛ የማያውቅ ከሆነ፣ ጉድለቱ የተበዳሪው አይደለም።

ሌላው ተስፋ የተጣለበት መንገድ በስልክ የሚሰጠው ብድር ነው። በ2014 ዓ.ም. በቴሌብር በኩል ከዳሸን ባንክ ጋር የተጀመረው «መላ» የተባለው ብድር ያለ ንብረት መያዣ፣ የደንበኛውን የገንዘብ እንቅስቃሴ ተመልክቶ ይሰጣል። ይህም የቤት ካርታን ጥያቄ አልፎ የሄደ አሠራር ነው። ሆኖም ግብይቱን በጥሬ ገንዘብ የሚያካሂድና ስልክ የሌለው ሰው በመዝገቡ ላይ አይታይም። በባልዋ ስልክ የምትጠቀም ሴትም የራሷ ታሪክ አይመዘገብላትም። ስለዚህ ስልኩ የቅርንጫፉን ሥራ ያግዛል እንጂ ቅርንጫፉን ከኀላፊነቱ ነጻ አያወጣውም።

በ2017 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የባንክ ሥራ አዋጅ ለውጭ ባንኮች በር መክፈቱ ጉዳዩን ይበልጥ አጣዳፊ ያደርገዋል። የውጭው ባንክ በመጀመሪያ የሚፈልገው ትልቁን ላኪና ትልቁን ፋብሪካ እንደሚሆን መገመት አያስቸግርም። ያገሩ ባንክ የሚበልጥበት ዕውቀት ቢኖር የገበያውንና የመንደሩን ሰው ማወቁ ነው፤ ይህን ዕውቀት ሳይሠራበት ከቀረ የሚተርፈው ብልጫ ጥቂት ነው።

ከዚህ ተነሥቶ ለማኅበሩ አባላት ሦስት ነገሮች በሐሳብ ቀርበዋል። አንደኛ፣ እያንዳንዱ ቅርንጫፍ የሰበሰበውን ተቀማጭ ብቻ ሳይሆን፣ በዚያው አካባቢ ለስንት ሰው እንዳበደረ፣ ከእነርሱም ስንቱ ሴቶች እንደሆኑ ጎን ለጎን ያስታውቅ። ሁለተኛ፣ የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ የሥራ ውጤት በተቀማጭ ዕድገት ብቻ አይመዘን፤ እስከ ተወሰነ መጠን ድረስ በሚንቀሳቀስ ንብረትና በዋስ ለማበደር ሥልጣን ይሰጠው። ሦስተኛ፣ ማኅበሩ በከብት፣ በእህልና በሸቀጥ ዋጋ ግምት ላይ ለብድር ሠራተኞች ሥልጠና ያዘጋጅ፤ ግምቱ ካልታወቀ አዋጁ በወረቀት ላይ ይቀራልና።

መንግሥት አዋጅ ያወጣል፤ ብሔራዊ ባንክ መመሪያ ያስተላልፋል። ነገር ግን የደብረ ብርሃኗ እናት አዋጁንም መመሪያውንም የሚያገኙት ከአንድ ጠረጴዛ ፊት ተቀምጠው ነው። በዚያ ጠረጴዛ የተቀመጠው ባለሙያ ከቤት ካርታው በፊት «ስንት ኪሎ ቅቤ ለመግዛት አስበዋል? ያለፈው ዓመት በስንት ሸጡት?» ብሎ የጠየቀ ዕለት፣ ሁለተኛው ደጃፍ መከፈት ይጀምራል። ዐቢይ ጾም በየዓመቱ ይመጣል፤ በሚመጣው ጾም የሚቀርብላቸው ጥያቄ የትኛው እንደሚሆን የሚወስኑት የዚህ ማኅበር አባላት ናቸው።