መቻል ብቻ ብስለት አይደለም

(በወርሃዊ ስብሰባችን ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ ስለ ስሜትና ስለ አእምሮ ብስለት እንድንናገር ተጠይቀናል። እኛ የፈረንሳይ ለጋሲዮንና የአካባቢው ሴቶች ይህን ለማወቅ ሩቅ መሄድ የለብንም። ብዙዎቻችን ከእንጦጦ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመን፣ ቁልቁለቱን ወርደን ልጅ አሳድገናል። ባሕር ዛፉ በአፄ ምኒልክ ዘመን የመጣው ከተማዋ ማገዶ ስላጠራት ነው፤ ማገዶውን ከጫካ ያወረደው ግን የሴት ጀርባ ነው።

30 ኪሎና ከዚያም በላይ ተሸክመን «አቤት፣ ቻይ ናት!» ስንባል ደስ ይለን ነበር። ስለዚህ ኀዘኑንም ንዴቱንም «ሆድ ይፍጀው» እያልን ያዝነው። ዝም አይነቅዝም ይባላል። በእኛ ቤት ግን ሲነቅዝ አይተነዋል።

ባለፈው ዓመት አንዲት እህታችን የሦስት ወር ቁጠባ ሳትከፍል ቀረች። በስብሰባ ላይ ተቆጣናት፤ «በሰው ገንዘብ ትቀልዳለች» ያልንም አለን። እሷም አንድ ቃል ሳትመልስ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። ኩራት ነው አልን። በኋላ ሁለት እናቶች ቤቷ ሲሄዱ ባሏ አልጋ ላይ ነው፤ ገንዘቡ ለመድኃኒት አልቋል። «ሰው አላስቸግርም፣ እችለዋለሁ ብዬ ነው» አለች።

ያልበሰለው ማን ነበር? ሁላችንም ነን። እኛ ሳንጠይቅ ፈረድን፤ እሷም ሳትናገር ብቻዋን ተጎዳች።

በሚቀጥለው ስብሰባ ይቅርታ ጠየቅናት። እሷም «መናገር ነበረብኝ» አለች። ያን ቀን ቃሉ ከአፋችን አልወጣ ያለንም ነበርን፤ ሳምንት ቆይተን ቤቷ ሄደን ተናገርነው። ከዚያ ወዲህ ቅጣት ከመወሰኑ በፊት ሁለት ሰው ሄዶ ይጠይቃል።

ለእኛ ብስለት ይህ ነው፦ ንዴታችንን አውቀን «ተናድጃለሁ» ማለት፣ ከመፍረድ በፊት መጠየቅ፣ በሰው ፊት ያስቀየምነውን በሰው ፊት ይቅርታ ማለት። ዱላና በደል ችሎ መኖርን ግን ማንም ብስለት ብሎ እንዳያስተምረን፤ ልጆቻችንም ከእኛ አይማሩት።

እንጦጦ ላይ ሸክሙን ብቻዋን አንሥታ የምትቆም ስንቷ ነበረች? «እባክሽ አሸክሚኝ» እንባባል ነበር፤ የደከማትም «አሳርፉኝ» ትል ነበር። ያን ጊዜ ለጀርባችን ያላፈርንበትን ቃል፣ ዛሬ ለልባችን አንፈርበት።